ጠዋት ተሞልቶ ቀትር ላይ የሚከፈት፦ ሦስት ዓይነት ምሳ ዕቃ በመምህር ቤት ሚዛን

እናት ወይም አባት መምህር የሆኑበት ቤት ውስጥ ምሳ ዕቃ የልጆች ብቻ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ ድስት ሦስት አራት ዕቃ ይሞላል፤ አንዳንዱ ወደ ልጆቹ ቦርሳ፣ አንዱ ከማርክ ሊስቱ ጋር ወደ መምህሩ ቦርሳ ይገባል። የምሳ ደወል የሚደወለው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ምግቡ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። ዕቃው የሚመዘነው በእነዚህ ስድስት ሰዓታት ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ሥዕልም ሆነ የሻጩ «ሙሉ ቀን ይይዛል» የሚል ቃል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ግምገማው ለግንቦትና ለሰኔ ታስቦ የተጻፈ ነው። በእኛ አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ስለሚዘልቅ መጨረሻው ከሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ጋር ይገጥማል፤ የምሳ ዕቃ ጉድለትም የሚጋለጠው በዚህ ወቅት ነው። በግንቦት ቀትሩ ይሞቃል፤ ለብ ብሎ የቆየ ወጥ ይበላሻል። ሰኔ ሲገባ ጠዋቱ በዝናብ ይቀዘቅዛል፤ ሳይሞቅ የተሞላ ፔርሙስ ሙቀቱን ገና ከቤት ሳይወጣ ያጣል። የፈተና ሳምንት የምሳውን ሰዓት ያዛባዋል፤ መምህሩም ወረቀት ሲያርም እስከ 11 ሰዓት ይቆያል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ደግሞ የሰኔ ጾም ስለሚገባ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ይለወጣል።

መርካቶም ተገዛ ሾላ ወይም ከሰፈር ዕቃ ቤት፣ የሚገኘው በመሠረቱ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ውጭው ፕላስቲክ ሆኖ ውስጡ ስስ የእስቲል ሳህን የተገጠመለት፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ክፍል ያለው ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ሁለተኛው አፈ ሰፊ ፔርሙስ ነው፤ ሁለት የእስቲል ግድግዳ አለው፣ በመሃላቸው የነበረው አየርም ተመጥጦ ወጥቷል፤ ቫኪዩም የሚባለው ይኸው ነው። ሦስተኛው ተደራራቢው ሲሆን ሁለት ወይም ሦስት ሳህኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጠው በጎን መቆለፊያ ይያያዛሉ።

ወጥ ለሚቋጥር ቤት ሁለተኛውን እንመክራለን፤ እንጀራው ግን ለብቻው በሌላ ቀላል ዕቃ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ለደረቅ ምግብ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው ማሞቂያ ያለው የመምህራን ክበብ ላለበት ትምህርት ቤት ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን አይሆንም።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ነው። ሻጩ ውስጡን አንኳኩቶ «ይኸው፣ እስቲል ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን እስቲል ራሱ ሙቀት አይዝም፤ እንዲያውም ያሳልፋል። ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያደርገው በሁለቱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ እዚህ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ክፍተቱ ተራ አየር ወይም ስስ ፎም ነው። ክዳኑም ሰፊና ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ትልቁ ሙቀት በላይ በኩል ይወጣል። ፈልቶ የገባ ሽሮ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ለብ ይላል። ዋናው ጉዳትም ቀዝቃዛ ምሳ መብላት አይደለም። ምግብ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎች በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል ይራባሉ፤ በጣም የሚመቻቸውም የሰውነታችንን ሙቀት የሚመስለው ለብታ ነው። በዚህ ዕቃ ትኩስ ሆኖ የተቋጠረ የሥጋ ወጥ የጠዋቱን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈው በዚያ ለብታ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ያለ ሥጋ የተሠራ ደረቅ ፍርፍር ይያዝበት። ፍርፍሩ በዘይት ይሠራ፤ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋና ልጁ አፉ ላይ እየተለጠፈበት ይተወዋል።

ፕላስቲኩን ሳታገላብጡ አትግዙ። ከታች ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ትኩስ ምግብ ይችላል። 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን፣ 3 ቁጥር ፒቪሲ ነው፤ ሁለቱም ለትኩስ ምግብ አይሆኑም። 7 ቁጥር «ሌላ» ማለት ስለሆነ ምን እንደሆነ አይናገርም። ምንም ምልክት የሌለው፣ ሲከፈት ኃይለኛ የፕላስቲክ ሽታ የሚሸት ከሆነ እዚያው ይቅር።

አፈ ሰፊው ፔርሙስ ሙቀት የመያዝ ሥራውን በደንብ የሚሠራ ዕቃ ነው። ባዶው ክፍተት ውስጥ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያሻግር አየር ስለሌለ ግድግዳው ሙቀት አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ የሚያመልጠው በአፉና በክዳኑ ነው። ለዚህም ነው ሁለት ተመሳሳይ ፔርሙሶች ሲነጻጸሩ ክዳኑ ወፍራምና ባዶ ሆድ ያለው፣ አፉም ከሚገባው በላይ ያልሰፋው የሚያሸንፈው። ለወጥ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አፍ ይበቃል፤ ማንኪያም እጅም ያስገባል፣ ለማጠብም አያስቸግርም።

መጠኑ ብዙ ሰው የሚስትበት ነው። ለትናንሽ ልጆች ከ300 እስከ 350 ሚሊ ሊትር፣ ለ5ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ 500፣ ለአዋቂ ከ700 እስከ 800 ይበቃል። «ያድግበታል» ብሎ ለ1ኛ ክፍል ልጅ 800 መግዛት ስህተት ነው። ግማሽ የተሞላ ፔርሙስ ሙሉ ከሆነው በጣም ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀት የሚያስወጣው አፍና ክዳን ያው ሆኖ ሳለ ሙቀት ያከማቸው ምግብ ግማሽ ብቻ ነውና። ላዩ ላይ የቀረው አየርም ክዳኑን እየነካ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ መላክ ትልቁን በጎዶሎ ከመላክ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጥሩ አምራቾች «በ95 ዲግሪ የገባ ከ6 ሰዓት በኋላ 60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ያትማሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍ ስለምትል እዚያ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ባሕር ዳር ወደ 94፣ ድሬዳዋ ወደ 96 ይጠጋል። ስለዚህ በደጋ ከተማ የተፈላ ወጥ ካርቶኑ ከሚያስበው ሙቀት በታች ሆኖ ነው ጉዞ የሚጀምረው። ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የላከው ጥሩ ፔርሙስ እዚህ ሲመጣ «እንደተባለው አልያዘም» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው 6 ሰዓት የሚያስፈልገው ቤት «8 ሰዓት» ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን መምረጥና ዕቃውን ሁልጊዜ አስቀድሞ ማሞቅ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ፈተና አንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ብቻ ይፈልጋል፤ ብዙ ሻጭ ሻይ ስለሚያፈላ አይከለክልም። ውኃውን ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ውጩን በመዳፍ ዳብሱ። ከአፉ ሥር ያለው ቀለበት ሞቅ ቢል ችግር የለውም፤ ሁለቱ ግድግዳዎች እዚያ ላይ ስለሚገናኙ ነው። ሆዱ ወይም ወለሉ ከሞቀ ግን ቫኪዩሙ የለም፤ ወይ ሲሠራ አልነበረም፣ ወይ ሲጓጓዝ ወድቆ አምልጧል። አየሩ የተመጠጠበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚታሸገው ወለሉ ላይ ስለሆነ ታቹ የተጨረመተ ዕቃ በቅናሽም ቢሆን አይገዛም። ይኸው ፈተና ቤት ውስጥ ላለው አሮጌ ፔርሙስም ይሠራል፤ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንዴ ማድረግ በቂ ነው።

የእስቲሉ ዓይነትም ለእኛ ምግብ ትርጉም አለው። 304 ወይም 18/8 የተባለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው ነው። 201 የሚባለው ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ርካሽ ዓይነት ነው። የእኛ ወጥ ጨው አለው፣ ቲማቲም አለው፤ ጨውና ኮምጣጣ በየቀኑ ሲነኩት 201 ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል፣ በኋላም ይዝጋል። ማግኔት ይዞ መሄድን የሚመክሩ አሉ፤ ግማሽ ጥቅም አለው። ማግኔቱ በኃይል ከተጣበቀ ከሁለቱም ያልሆነ፣ ኒኬል የሌለው ብረት ነው። ካልተጣበቀ ግን 304 ይሁን 201 አይለይም። ስለዚህ ወለሉ ውስጥ የተቀረጸውን ቁጥር ፈልጉ፤ ውስጡም ውጩም 304 የሆነ፣ ቢያንስ ውስጡ የሆነ ይመረጥ።

ከሁሉም ቀድሞ የሚያረጀው ጎማው ነው። የክዳኑ ጎማ በጣት የሚወልቅ መሆኑን እዚያው ሞክሩ። የማይወልቅ ጎማ ሥር ወጥ ይገባል፣ አይታጠብም፣ ይሸታል፣ በሁለት ወር ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። መለዋወጫ ጎማ አብሮ የሚሸጥ ከሆነ ጥቂት ብር ጨምሮ መውሰድ ይጠቅማል፤ ጎማው ሲላላ ሰው ሙሉውን ዕቃ ይጥላልና። የሰኔን ጾም ለሚጾም ቤት ደግሞ ሁለተኛ ጎማ ግዴታ ሊባል ይችላል። እስቲሉ ሲታጠብ ይጠራል፤ ጎማው ግን በበዓለ ሃምሳ ሲቋጠር የከረመውን የቅቤና የሥጋ ሽታ አይለቅም፤ ምስር ወጥ ቢሞላበትም ሲከፈት ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አንዱን ጎማ ለፍስክ፣ አንዱን ለጾም መለየት ሙሉ ዕቃ ከመግዛት ይቀላል።

ክዳኑን ልጁ ራሱ መክፈት አለበት። ይህን ወላጅ ይረሳዋል፤ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህራን ግን በደንብ ያውቁታል፤ የምሳ ሰዓታቸው የሚያልቀው የተማሪ ክዳን በመክፈት ነው። ትኩስ ምግብ ሲታሸግ ውስጡ ያለው እንፋሎት ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የውጩ አየር ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ጠዋት በአንድ ጣት የዞረ ክዳን ቀትር ላይ በአዋቂ እጅም አይዞርም። ክዳኑ መሃል ላይ ተጭኖ ወይም ተስቦ አየር የሚያስገባ ቁልፍ ያለበት ዕቃ ይህን ችግር ይፈታል። ልጁ ቤት ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ተሞልቶለት አምስት ጊዜ ከፍቶ ይዝጋ፤ ከመክፈቱ በፊት ቁልፉን መንካት ልማድ ይሁንለት። የተጣበቀ ክዳንን በቢላ መፈልቀቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥም ብዙ አይረዳም፤ ቫኪዩሙ ሙቀቱን ወደ ውስጥ አያስገባውምና። ይልቅ ክዳኑን ብቻ ሙቅ ውኃ በነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማቆየትና ደረቅ ጨርቅ ይዞ ማዞር ይሻላል።

አሞላሉ ላይ ስንመጣ፣ ዕቃው ጥሩ ሆኖ ምሳው ቀዝቅዞ የሚገኘው በአብዛኛው በዚህ ነው። ውኃው መጀመሪያ ይፍላ፤ ፔርሙሱ እስከ አፉ ይሞላና ክዳኑ ላላ ብሎ ይገጠም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። በዚህ መሃል ልጆቹ ይለብሳሉ። ቀዝቃዛ እስቲል ከምግቡ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይወስዳል፤ በሰኔ ጠዋት ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ወጡ ከትናንት የተረፈ ከሆነ ዳር ዳሩ ሲንተከተክ አይወጣም፤ መሃሉ እስኪፈላ እየተማሰለ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨመርበት። ከዚያ ውኃው ይደፋ፣ ሳይጠራረግ ወዲያው ወጡ ይሞላ፣ ከክዳኑ በታች አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይተው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ወጡ ከምድጃ ወርዶ ውኃ መፍላት ከተጠበቀ፣ ማሞቁ ራሱ ጥቅም የለውም።

ሽሮ ለዚህ ዕቃ የተፈጠረ ይመስላል፤ ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፣ አይፈስስም። ነገር ግን ስድስት ሰዓት ሲቆይ ይጠጥራል፣ ቀትር ላይ በማንኪያ የሚቆረጥ ይሆናል። ለገበታ ከሚሠራው ቀጠን ይበል፤ ለሁለት ጭልፋ ሽሮ ግማሽ ሲኒ የፈላ ውኃ ጨምሮ አንዴ ማንተክተክ ይበቃል። ምስርም እንዲሁ ይጠጥራል፤ አተር ክክ ከሁሉም ይብሳል። መኮሮኒ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይውጣ፤ ዕቃው ውስጥ መብሰሉን ይቀጥላል። ሥጋ ያለ አጥንት፣ በ2 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ ይግባ፤ ልጁ ማንኪያ ብቻ ነው የያዘው። ወተትና የወተት ምግብ ፔርሙስ ውስጥ አይቆይ፤ ይበላሻል፣ ሲበላሽ የሚፈጥረው ጋዝም ክዳኑን ይገፋል።

ሩዝ ላይ ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል። ደረቅ ሩዝ ውስጥ የሚገኝ ባሲለስ ሴሬውስ የተባለ ባክቴሪያ ዘር መሰል አካሉ በመቀቀል አይሞትም። የተቀቀለ ሩዝ ድስት ውስጥ ለብ ብሎ ሲያድር ይነቃና የሚያስመልስ መርዝ ይሠራል፤ መርዙም ጠዋት ቢሞቅ አይጠፋም። ማታ የተረፈ ሩዝ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ካልገባ ለልጅ ምሳ አይቋጠር። ጠዋት ተቀቅሎ ሙቅ በሙቅ ፔርሙስ የገባው ግን ከ60 ዲግሪ በላይ እስከቆየ ድረስ ደህና ነው።

እንጀራውን ፔርሙሱ ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ እንፋሎቱ ሊጥ ያደርገዋል። ለትንሽ ልጅ ግማሽ፣ ለአዋቂ አንድ ወይም አንድ ተኩል ተጠቅልሎ በንጹሕ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይሸፈንና በጠፍጣፋው ዕቃ ይሂድ። ከምጣድ የወረደ እንጀራ ሳይበርድ ፌስታል ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ እርስ በእርሱ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል። በግንቦት ሙቀት ሦስት ቀን ያለፈውን እንጀራ ከመቋጠር በፊት ጀርባውን አይቶ ማሽተት ይገባል።

ተደራራቢው ዕቃ ለብቻው ሲታይ ክብር ይገባዋል፤ ሽሮ፣ ጎመንና እንጀራ ሳይነካኩ ይሄዳሉ። ግን አብዛኛው ነጠላ ግድግዳ ነው፤ ሙቀት አይዝም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ የመምህራን ክበብ ውስጥ ምድጃ ካለ ሳህኑ በቀጥታ ይጣዳል። ጎማውና የፕላስቲክ መቆለፊያው ከወለቀ በኋላ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጎ እስኪፈላ ማሞቅ ነው። ቫኪዩም ያለውን ግን ባዶም ሆነ ሙሉ እሳት ላይ መጣድ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የታሸገው ግድግዳ ሊያብጥና ሊፈነዳ ይችላል፤ ማይክሮዌቭም አይገባም። ጠዋት ሞቆ የተሞላ ተደራራቢ ዕቃም ከላይ በመጀመሪያው ዓይነት ላይ የተነገረው አደጋ አለበት፤ በማሞቅ የሚጠፋው ሁሉም አይደለምና ለሥጋ ወጥ አንመክረውም።

ለመምህር ቦርሳ ከሙቀት የሚቀድም ጉዳይ መፍሰስ ነው። የተማሪ የመልስ ወረቀት ላይ የወጥ ዘይት ከፈሰሰ የተጻፈው ይጠፋል፣ ማርኩ ያከራክራል፣ ወረቀቱም ተመልሶ አይጻፍም። አዲስ ዕቃ ውኃ ተሞልቶ ይዘጋ፣ ይነቅነቅ፣ ጋዜጣ ላይ ተገልብጦ 15 ደቂቃ ይቆይ። ጋዜጣው ላይ አንዲት ነጥብ እርጥበት ከታየ ያ ዕቃ ከፈተና ወረቀት ጋር አይጓዝም። ጠፍጣፋው ዕቃ ይህን ፈተና ብዙ ጊዜ አያልፍም፤ ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ክዳኑን ስለማይነካ ወጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን በግንቦትና በሰኔ ለብቻው በትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ይያዝ፤ ጎማ የሚላላበት ቀን አይታወቅም።

የፈተና ሳምንት ሲመጣ አቋጣጠሩም ይለወጥ። ልጆቹ ግማሽ ቀን ብቻ ተፈትነው የሚወጡ ከሆነ ትኩስ ምሳ አያስፈልጋቸውም፤ 4 ሰዓት ላይ የሚበላ ዳቦ፣ ሙዝና ውኃ በጠፍጣፋው ዕቃ ይበቃል፤ ትኩሱን ቤት ገብተው ይበሉታል። ሚኒስትሪ ለሚፈተን ልጅ በፈተናው ጠዋት አዲስ ዓይነት ምግብ አይሞከርለት። የልጆቹ ፔርሙስ በዚያ ሳምንት ሥራ ስለሚፈታ ለመምህሩ ሁለተኛ ዕቃ ይሆናል፦ 700ው ለምሳ፣ 350ው ለ10 ሰዓት። ማረሙና ሮስተሩ እስኪያልቅ ለሚቆይ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ነገር ግን ምሳው ላይ የተከፈተ ፔርሙስ ተመልሶ ቢዘጋ ሙቀቱ አይመለስም፤ ለ10 ሰዓት የተባለው እስከዚያው አይከፈት። በ10 ሰዓት የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ስለቆየ ሥጋ የሌለበት ይሁን፤ ወይ ደግሞ እንደ ቆሎ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ባለ ደረቅ ምግብ ይተካ።

አጠባበቁ ቀላል ቢመስልም ዕቃ የሚገደለው በዚህ ነው። በረኪና አይንካው። ክሎሪኑ የእስቲሉን መከላከያ ገጽ ይበላና ትናንሽ ጉድጓድ ያወጣበታል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የድስት ማጠቢያ ሽቦም እንዲሁ ይጭረዋል። ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል። የነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ካልለቀቀ ግማሽ ሊትር ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፤ ጎማውንም እዚያው መንከር። በዚህ ጊዜ ክዳኑ አይዘጋ። ሙሉውን ፔርሙስ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ደግሞ ውኃ በታችኛው መገጣጠሚያ እንዲገባ ያደርጋል፤ ውጩ ታጥቦ ወዲያው ይደረቅ። የሚታጠፍ ማንኪያ ክዳኑ ላይ ያለበት ዕቃ የሚያምር ቢሆንም መታጠፊያው ውስጥ ወጥ ይደርቅበታል፤ ተራ አጭር የእስቲል ማንኪያ ይሻላል።

የልጁ ስም የማይለቅ በሚባለው ማርከር ብቻ ከተጻፈ ከጥቂት ሳምንት ማጠብ በኋላ ይጠፋል። ተጽፎ ከደረቀ በኋላ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቢቀባበት ይቆያል። ክዳኑም ሆዱም ላይ ይጻፍ፤ በሰኔ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ክዳኑ ነው፣ ክዳን የሌለው ፔርሙስ ደግሞ ብርጭቆ ነው።

መግዣ ጊዜውን በተመለከተ፣ ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ላይ ሱቁ በደብተርና በቦርሳ ገዢ ስለሚጨናነቅ የ10 ደቂቃውን የፈላ ውኃ ፈተና ማድረግ ያስቸግራል። በሰኔ የሚገዛ ሰው ሻጩም ጊዜ አለው፣ እሱም ያለፈው ዓመት ዕቃ የት ላይ እንደከዳው ገና አልረሳም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቤቱ ፔርሙሶች ለክረምቱ ሲቀመጡ ጎማቸው ወልቆ፣ ውስጣቸው አንድ ቀን አየር ነክቶት ደርቆ፣ ክዳናቸው ሳይገጠም በጨርቅ ተሸፍነው ይቀመጡ። ተዘግቶ የከረመ ዕቃ መስከረም ላይ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ሶዳውም ቶሎ አይመልሰውም።